በቆዳ ማኅደር ያለ የብራና ክታብ ሳይጎዳ እንዴት ይዘረጋል? ዕድሜውስ በምን ይታወቃል?

የአምባሰል_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከአያት የወረዱ ሁለት ክታቦች ደሴ ቤታችን አሉ። አንደኛው ክዳን ባለው የቀይ ቆዳ ቱቦ ውስጥ የተጠቀለለ ብራና ነው፤ ወርዱ አንድ ጋት ይሆናል። መጀመሪያው ላይ «በስመ አብ» የሚል በቀይ ይነበባል፤ ዝቅ ብሎ «ሱስንዮስ» የሚል ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ስለደረቀ ሲስቡት ይንጣጣል። ሁለተኛው የክብሪት ቀፎ የሚያህል ጠፍጣፋ ነው፤ ዙሪያውን ጥብቅ አድርገው ስለሰፉት ምን እንደያዘ አይታወቅም።

ጥቅልሉን በእርጥብ ጨርቅ አለስልሳችሁ ዘርጉት ያለን ሰው አለ፤ ልክ ነው? ጽሑፉስ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ነው ወይስ አስማት ብቻ? አንድ ዕቃ ገዢ ደግሞ «የአፄ ሱስንዮስ ስም አለበት፣ 400 ዓመት ሆኖታል፣ ከመቅደላ የወጣ ነው» እያለ ዋጋ እየጠራ ነው። ጀርመን አገር አንድ የብር ክታብ ሳይዘረጋ በማሽን ተነበበ ሲባልም ሰምተናል። የተሰፋውን እንደዚያ ማስነበብ ይቻላል?

ብራና_ጠጋኝ፦

ወንድም ዓለም፣ እርጥብ ጨርቁን ተወው። ብራና እንደ ጫማ ቆዳ የለፋ አይደለም፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ እንደተወጠረ የደረቀ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው። ውሃ ሲያገኝ ውጥረቱ ይለቅና ይኮማተራል፤ ሲደርቅም የተነካው ቦታ ቀንድ ይመስላል። ጥቁሩ ቀለም ጥላሸትና ሙጫ ስለሆነ ብራናው ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም። ሙጫ ደግሞ በውሃ ይሟሟል። ቀዩ ከጥቁሩም ይብሳል፤ በጨርቁ አንድ ጊዜ ብታልፍበት የሥላሴ ስም ሮዝ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ለብራና የሚሰጠው እርጥበት እንፋሎት ብቻ ነው፤ ያውም ቀዝቃዛ። የሚፈላ ውሃ ላይ የሚይዙት ሰዎች አሉ፤ ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ ያረጀ ብራና ዓይናችሁ እያየ ይጨማደዳል።

ከሁሉ በፊት ብል መኖሩን እይ። ቱቦውን ነጭ ወረቀት ላይ ቀስ ብለህ ገልብጠው። ጠጉራም የትል ቅርፊት ወይም አዲስ ዱቄት ከወረደ፣ ቱቦውንም ብራናውንም በሁለት ላስቲክ ጠቅልለህ፣ አየሩን ገፍተህ አስወጣና አፉን አጥብቀህ እሰር፤ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት ይቆይ። ስታወጣው ላስቲኩን ወዲያው እንዳትፈታ። 24 ሰዓት እንደታሰረ ውጭ ይቀመጥ፤ ያኔ ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይቀራል እንጂ ብራናው ላይ አይወርድም። ናፍታሊን አያስፈልግም።

ወደ መዘርጋቱ ስንመጣ፣ የሚያስፈልገው ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል። ከታች ተነክሮ በደንብ የተጨመቀ ፎጣ አንጥፍ። ከፎጣው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሽቦ ወንፊት ይቁም፤ ወንፊቱ ላይ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ጥቅልሉ። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ሌላ ደረቅ ጨርቅ ለጥፍ፤ ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ከክዳኑ የምትወርድ አንዲት ጠብታ አንድ መስመር ታጠፋለች። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ከብራናው ጎን አስቀምጥ። ከ75 እስከ 80 በመቶ ይበቃል፤ ከ85 ካለፈ ክዳኑን ከፈት አድርግ። የደሴ ክረምት አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል፤ በበጋ ይዘገያል። በየግማሽ ሰዓቱ እየው። ከ2 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ የውጪኛው ጫፍ በጣት ሲነኩት ሳይንጣጣ ይነሣል። ሌሊቱን በሙሉ ትቶ መተኛት ሻጋታ መጥራት ነው።

በአንድ ጊዜ የምትዘረጋው እሺ ያለህን ያህል ብቻ ነው፤ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር። የተዘረጋውን በትንንሽ የአሸዋ ከረጢት ያዝና ቀሪውን ወደ ሣጥኑ መልስ። አንድ ሙሉ ክታብ ሦስት አራት ዙር ሊወስድ ይችላል። አደገኛው ቦታ መጋጠሚያው ነው። ክታብ ብዙ ጊዜ ሦስት የብራና ቁራጮች ተጋጥመው የሚሠራ ነው፤ ጫፍና ጫፋቸው ተደራርቦ በሰነጠቁት ቀዳዳ ውስጥ ቀጭን የብራና ጠፍር ይሾልካል። እዚያ ላይ ብራናው እጥፍ ስለሚሆን ሌላው ሲለሰልስ እሱ ገና ደረቅ ነው፤ ጫፉን ይዘህ ከሳብክ ቀዳዳው ወደ ጎን ይተረተራል። መጋጠሚያ ስትደርስ ከሥሩ ወረቀት አስገብተህ ከነወረቀቱ አንሣው። የመልአክ ሥዕል ላይ ቀለሙ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ጠርዙ ከተነሣ ግን አቁም። የሚለጥፈው ባለሙያ እንጂ አንተ አይደለህም።

ከተዘረጋ በኋላ በሁለት መጣጭ ወረቀት መካከል፣ ላዩ ላይ ቀላል ክብደት ተደርጎ ይደር፤ ወረቀቱን በማግሥቱ ቀይር። ካውያ፣ ስኮች፣ ላሚኔሽን፣ ፀሐይ ማስመታት፣ አራቱም ክልክል ናቸው። ሲያስቀምጡት ወደ ጠባቡ ቱቦ አይመለስም፤ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የካርቶን ቱቦ ላይ ነጭ የታጠበ አቡጀዴ ጠቅልለህ ብራናውን ላላ አድርገህ አዙርበት። ማኅደሩ ለብቻው፣ ግን ከጎኑ ይቀመጥ። ከግድግዳ የተጠጋ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አታስገባው፤ ክረምት ላይ ቆርቆሮው ያልበዋል።

ቀለም_ቀንድ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ደህና ነው። ፍሪዘሩ ላይ ብቻ ልጨምር፦ መብራት ሄዶ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ግማሽ መንገድ የቀዘቀዘ የብል እንቁላል ተርፎ ይፈለፈላል። ቅቤ የጠጣ ብራና ደግሞ ቅባት ያገኘው ቦታ ብርሃን ያሳልፋል፤ ያንን በቤንዚን ላጽዳ ማለት ቀለሙን መሸኘት ነው። ይቅር።

መሪጌታ_ዘሐይቅ፦

ልጄ፣ ስለ ጽሑፉ። «ቃለ መጽሐፍ ወይስ አስማት» ብለህ ለሁለት ብትከፍለው ክታቡ አይከፈልልህም፤ ሁለቱ አንድ ብራና ላይ ተከታትለው ነው የሚጻፉት። አብዛኛው የሚጀምረው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ብሎ ነው። ቀጥሎ «ጸሎት በእንተ ሕማመ» ይልና የደዌው ስም ይመጣል፦ ባርያ ወሌጌዎን፣ ዓይነ ጥላ፣ ፍልጸት ወውግዓት ወቍርጸት። ሌጌዎን የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ ጌታ ያወጣው ነው። ከወንጌል በብዛት የሚገባው «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ» ነው፤ የዮሐንስ መጀመሪያ። ከዚያ አስማቱ ይከተላል፤ «ሳዶር አላዶር ዳናት አዴራ ሮዳስ» ካገኘህ አምስቱ ቅንዋተ መስቀል፣ ማለት የጌታ የመስቀሉ ችንካሮች ስም ናቸው።

ገዢው የያዘው «ሱስንዮስ» ንጉሡ አይደለም። ቅዱስ ሱስንዮስ ነው። «በእንተ አሰስሎ ደዌ እምሕፃናት» የሚል ከአጠገቡ ፈልግ፤ ሕፃናት ለሚሞቱባት፣ ሾተላይ አለባት ለምትባል እናት የሚጻፍ ጸሎት ነው። ሕፃኑን የገደለችበትን ውርዝልያ የምትባለውን ጋኔን በፈረስ ተከታትሎ በጦር ሲወጋት ይተርካል፤ እሷም ስሙ በተጠራበት ላትደርስ ምላ ትለቃለች። ስለዚህ ስሙ ዘመን አይነግርም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈውም ላይ አለ። የሚነግርህ ግን ይህን ነው፦ ያ ክታብ ለሴት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም።

የባለቤቱን ስም «ለአመትከ» (ለሴት ባሪያህ) ወይም «ለገብርከ» (ለወንድ ባሪያህ) ከሚለው ቀጥሎ ፈልግ፤ ሁልጊዜ የክርስትና ስም ነው፤ ወለተ እገሌ፣ ኃይለ እገሌ። በየጸሎቱ መጨረሻ ስለሚደጋገም አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይገኛል። ባዶ ቦታ ካየህ አስቀድሞ ተጽፎ ገዢ የሚጠብቅ ነበር ማለት ነው። የክታቡን ርዝመት ለካ፤ ደንቡ በባለቤቱ ቁመት ልክ ስለነበር ከራስ እስከ እግር ይጠብቃል ይባላል።

የመቅደላው ነገር ደግሞ አይመስልም። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሰበሰቧቸው ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የመጡ፣ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የታሰቡ መጻሕፍት ነበሩ፤ እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. 350 የሚሆኑትን ለመንግሥታቸው ወሰዱ። የአንዲት ባልቴት ክታብ ከነማኅደሩ በአምባሰል ቤት መገኘቱ መቅደላን አያስፈልገውም።

ገድለ_ፓፒረስ፦

ሳዶር አላዶርን የኔታ ካነሡት አይቀር፣ ያ ቃል ረጅም መንገድ የመጣ ነው። ከላይ ወደ ታችም ከጎን ወደ ጎንም የሚነበበው አምስት መስመር የላቲን ካሬ፣ ሳቶር አሬፖ ቴኔት ኦፔራ ሮታስ፣ እ.ኤ.አ. በ79 በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔ ግድግዳ ላይ ተጭሮ ተገኝቷል። በግብፅ ቅብጦች በኩል አልፎ እኛ ዘንድ የቅንዋት ስም ሆነ። ሱስንዮስም ብቻውን አይደለም፤ ግብፅ ባዊት ገዳም ግድግዳ ላይ በፈረስ ሆኖ ሴቲቱን ጋኔን ሲወጋ ተሥሏል፤ እዚያ ስሟ አላባስድርያ ነው።

የጥንቶቹ የክርስቲያን ክታቦች በብዛት የተገኙት ግብፅ ነው፤ ዛሬ ኤል ባህነሳ በሚባለው በኦክሲሪንኩስ የቆሻሻ ክምር ውስጥ ብዙ ወጥቷል። ከእኛ የሚለዩት አነስ ስለሚሉ ነው፤ ፓፒረሱ፣ ማለት ከደንገል የተሠራው ወረቀት፣ ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ በክር አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ምሁራን ክታብ መሆኑን የሚለዩት በማጠፊያው ጭረት ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ በጣም የሚደጋገመው መዝሙር 90 ነው፤ በእኛ ዳዊት «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል»። አባታችን ሆይ ይከተላል፤ ከዚያ የወንጌላት የመጀመሪያ መስመሮች። በ3ኛው መጨረሻ ወይም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ አንድ ቁራጭ «የወንጌሉን መጀመሪያ አንብብና እይ» ብሎ የማርቆስን መክፈቻ ይጠቅሳል። መጀመሪያውን መጻፍ ሙሉውን መያዝ ነው የሚል ሐሳብ ነው፤ የእኛ ጸሐፊ «ቀዳሚሁ ቃል» ብሎ የሚያቆመውም ከዚሁ የራቀ አይመስለኝም። ማንቸስተር ያለ አንድ የ6ኛው ክፍለ ዘመን ፓፒረስ ደግሞ በአንድ ፊት የግብር ደረሰኝ፣ በሌላው ፊት የማቴዎስና የዳዊት ጥቅስ ነው። ድሃ ሰው ወረቀት አይጥልም።

ቤተ ክርስቲያን ግን ሁልጊዜ አልተቀበለችውም። የሎዶቅያ ጉባኤ ቀኖና 36 ካህናት ክታብ እንዳይሠሩ ከልክሏል፤ ዮሐንስ አፈወርቅ አንገታቸው ላይ ወንጌል የሚያንጠለጥሉ ሴቶችን ያነሣል፤ እኛም አገር አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) አስማተኞችን አጥብቀው ተቃውመዋል። ይህን የምለው ክታቡን አቃጥሉ ለማለት አይደለም፤ ሙዚየም የሚገባ ነገር ነው።

የጀርመኑ ከፍራንክፈርት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ከአንድ የሮማውያን ዘመን መቃብር የወጣ፣ 3.5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የብር ጥቅልል ነው፤ መቃብሩ ከ230 እስከ 270 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ይገመታል። ማይንስ ከተማ በሲቲ ስካን ተነሥቶ በኮምፒውተር ተዘረጋ፤ 18 መስመር ላቲን ሲሆን፣ መጨረሻው «ጉልበት ሁሉ ይንበርከክ» የሚለው የፊልጵስዩስ 2 ቃል ነው። የተቻለው ግን ፊደሉ ብሩ ላይ ተጭሮ የተጻፈ ስለነበር ነው፤ ማሽኑ ያየው ጉድጓዱን ነው። የእኛ ጥቁር ቀለም ጥላሸት፣ ጥላሸት ደግሞ ካርቦን ነው፤ ብራናውም በአብዛኛው ካርቦን ያለበት ቆዳ ነው። በሆስፒታል ራጅ ሁለቱ አይለያዩም። ቀዩ ሜርኩሪ ያለበት ዚንጅፍር ከሆነ ብቻ ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። ራጅ ለተሰፋው የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ውስጡ ብረት፣ ሥር ወይም ፍሬ መኖሩን፣ ስንት እጥፍ እንደሆነ ያሳያል። ማንበብ ግን አይጠበቅ።

የአምባሰል_ልጅ፦

እግዜር ይስጥልን። በሣጥኑ እንደተባለው አድርገን የመጀመሪያው ቁራጭ ተዘርግቷል። ወርዱ 9 ሳንቲ ሜትር ነው። ከላይ ሰይፍ የያዘ መልአክ፤ ዙሪያው ዓይን ዓይን የሆነ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ። «ለአመትከ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ስም ደብዝዞ በሌላ እጅ ተጽፎበታል። ኮከቡ ላይ ሐምራዊ ቀለም አለ። ይህ ዕድሜውን ይናገራል?

ቀለም_ቀንድ፦

ይናገራል። የፋብሪካ ሐምራዊ የተገኘው በ1856 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ኮከቡ ያን የሚመስል ደማቅ ሐምራዊ ከሆነ ከዚያ በኋላ የተቀባ ነው። ጽሑፉ ግን ቀድሞ ተጽፎ ሥዕሉ በኋላ ሊታደስ ይችላል፤ ሐምራዊው በጥቁሩ መስመር ላይ ወጥቶ እንደሆነ ወይም ከሥሩ እንደሆነ በአጉሊ መነጽር እይ። ደግሞ እወቀው፣ በሰው እጅ ያሉት ክታቦች አብዛኞቹ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። «400 ዓመት» የሚል ሻጭም ገዢም ማስረጃውን ያምጣ። የካርቦን ምርመራም አያድንህም፤ ከ1650 ገደማ ወዲህ ላለ ነገር ውጤቱ ሦስት መቶ ዓመት ላይ ተበትኖ ይመጣል፤ ከብራናውም ቁራሽ ይቆረጣል።

የስሙን ቦታ በጎን ብርሃን እይ። የተፋቀ ብራና ጠጉሩ ስለሚነሣ አዲሱ ቀለም እንደ መጣጭ ወረቀት ላይ ጠርዙን ይለቃል፤ ከጎኑ ያለው የመጀመሪያው ፊደል ግን ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። ያ ካለ ክታቡ ከአንድ ባለቤት በላይ አሳልፏል። የቀድሞው ስም አንዳንዴ በአልትራቫዮሌት ባትሪ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይወጣል፤ ብራናው ሲያበራ የቀለሙ ርዝራዥ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ሐሰተኛም አለና አንድ ነገር፦ እውነተኛ ጥቅልል የውጪኛው ዙር እጅ የነካው፣ ላብና ዕጣን የጠጣ ስለሆነ ይጠቁራል፤ ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር እየነጣ ይሄዳል። በሻይና በጭስ የጠቆረ የቱሪስት ክታብ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቡና ነው፤ መጋጠሚያውም በናይሎን ክር የተሰፋ ይሆናል።

ፎቶ ስታነሣ በደመና ቀን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። በየ15 ሳንቲ ሜትሩ፣ ሲሶው እየተደራረበ፣ ማስመሪያ ከጎን ተቀምጦ። ሁለተኛ ዙር ባትሪውን ዝቅ አድርገህ ከጎን አብራና አንሣ፤ ጸሐፊው በወስፌ ያሰመራቸው መስመሮች ያኔ ይታያሉ። መስመሩ ከመጋጠሚያው ወዲያና ወዲህ ካልገጠመ ቁራጮቹ ለየብቻ ተጽፈው ነው የተሰፉት።

ብራና_ጠጋኝ፦

ስለ ገዢው፦ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ መኖሩን አይከለክልም፤ ማስመዝገብ ግን ግዴታ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ወንጀል ነው። ሥራውን ስትጨርስ ፎቶውን ይዘህ ወደ ዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ሂድ።

የተሰፋውን አትክፈተው። ቆዳው ብቻውን የክርስቲያን ክታብ ይሁን የእስላም ሂርዝ አይነግርህም፤ በወሎ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቆዳ ተሰፍተው ይገኛሉ። ሂርዝ ከሆነ ውስጡ ብዙ ጊዜ ወረቀት ነው፤ ወረቀት ላይ ያለ ቀለም ከብራናው ይልቅ ለእርጥበት ስስ ስለሆነ ሣጥኑ ውስጥ እንዳታስገባው። ጆሮህ ላይ ይዘህ በሁለት ጣት ቀስ ብለህ ጫን በለው፤ ወረቀት ይንኮሻኮሻል፣ ብራና ግን እንደ ምንጭ ተመልሶ ይገፋሃል። መክፈት የግድ የሚሆነው ብል ወይም ሻጋታ ውስጡ ከገባ ብቻ ነው። ያኔም ቆዳው አይቆረጥም፦ ከአንዱ አጭር ጎን ብቻ፣ ስፌቱን ፎቶ ካነሣህ በኋላ፣ ጠፍሩን በደነዘ መርፌ አንድ በአንድ እያላላህ አውጣ። ጠፍሩ ከተበጠሰ ቁራጩን በትንሽ ወረቀት ጠቅልለህ፣ ከየትኛው ጎን እንደወጣ ጽፈህበት፣ ከማኅደሩ ጋር አስቀምጠው።